ፊቱ እንዳይቀየር

ጥር 13 ቀን 1966፣ መካነ ሰላም

ተናጋሪው እኔ ቸኮል ነኝ፤ ጸሐፊዋ የልጄ ሚስት አሰጋሽ ናት። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነኝ። እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሰው ሲሞት አገሩ ለቀብር የሚወጣው በእኔ ቃል ነው። ፊደል የቆጠሩትም ከቀብር ሲቀሩ እኔው ፊት ቆመው ይቀጣሉ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ሰዎች መጡ። ፊልም ሠሪዎች ናቸው አሉ። አለቃቸው ንጉሡ ይባላል፤ ጥቁር መነፅር ያደረገ፣ ጎፈሬውን ያበጠረ ልጅ። ስሙ ንጉሡ፣ አዛዥነቱም እንደ ስሙ። በቅሎዎቼን ሊከራይ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመና «አባባ፣ በካሜራ ያልተያዘ ነገር እኮ እንዳልነበረ ነው» አለኝ።

«እኔ እስከ ዛሬ አልነበርኩም በለኛ!» አልኩት።

ሳቀ። ጥርሱ ያምራል፤ ነገሩ ያስጠላል። ማታ አሰጋሽን ደብተርሽን አምጪ አልኳት። እሱ በካሜራ ከያዘ እኔም በብዕር እይዛለሁ።

ጥር 15

በቅሎዎቹን ሰጠኋቸው። ገደሉ አፋፍ ድረስ ሣጥን፣ ሽቦ፣ ባለ ሦስት እግር ብረት ተሸከሙላቸው። መንገድ ላይ ምን ዓይነት ፊልም ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ልብ ሰቃይ።»

«የማንን ልብ ነው የምትሰቅለው? እኛ አገር ሲሰቀል ያየሁት ሌባና ነፍሰ ገዳይ ነው።»

«የተመልካቹን ልብ ነዋ! ከፍሎ ይገባል፣ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲፈራ ሲፈራ ይቆይና ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«ፈርቶ ደስ ይለዋል?»

«ለዚህ እኮ ነው የሚከፍለው።»

እንትፍ አልኩ። ረሃቡ አባሮት ከቆላ እየወጣ በየአጥሩ ሥር የሚወድቀውን ሰው ቅሬያችን ሲቀብር ከርሟል። መፍራት የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ጨለማ ቤት ምን ወሰደው? እዚህ ይምጣና በጠራራ ፀሐይ፣ በነፃ ይፍራ።

ታሪኩን ነገረኝ። አንድ ሰው ይታደናል። ማን እንደሚያድነው አይታወቅም። የአዳኙ እግር ይታያል፣ እጁ ይታያል፣ ጥላው ግድግዳ ላይ ይረዝማል፤ ፊቱ ግን እስከ መጨረሻው ይደበቃል። በጆሮዬ «ሽፍታ ነው፤ ለማንም እንዳይነግሩ» አለኝ። ለማን ልነግር? ለበቅሎዬ?

ጥር 18

የሚታደነው ሰው ምናለ የሚባል ተዋናይ ነበር። ወፍራም ነው፤ ክፉ ሰው ግን አይደለም። ገደል ለገደል እየሮጠ፣ እያለከለከ፣ ወደ ኋላ እየተገላመጠ ሲመጣ ንጉሡ «ይቁም!» አለ። ቀርቦ አየውና «ምናለ፣ ይሄ ምሳ የበላ ሰው ፊት ነው» አለው።

«በልቻለሁ እኮ» አለ ምናለ። ሁሉም ተንከተከቱ።

ያን ጊዜ እኔ ነኝ የተናገርኩት። እቤቴ ጀብሪል የሚባል እንግዳ አለኝ አልኩ።

ጀብሪል ከከላላ በታች ካለው ቆላ ከሚስቱ ከብዙዬ ጋር የመጣ ነው። ጥጃ ቤቴን ጠርጌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ጥጃዎቹማ የሉም። የዘር ማሽላቸውን በልተው ነው የወጡት። ይህን ሲናገር ሰው የገደለ ያህል አንገቱን ይደፋል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ሳያልፍ ዘር ይዞ አገሩ መግባት። የእኔ ማሳ ደጋ ነው፤ ገብስ እንጂ ማሽላ የለኝም። ገብስ እቆላው ይዞ ቢወርድ ተቃጥሎ ይቀርበታል።

ለእሱ ብዬ ነው የተናገርኩት። አሰጋሽ፣ ለእሱ ብሎ ነው ብለሽ ጻፊ።

አመጣሁት። ንጉሡ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞረው። አገጩን ይዞ ወደ ፀሐይ መለሰው። «ስማቸው፣ ናማ እይ! ጥላው ጉንጩ ውስጥ ገባ! መብራት እንኳ አያስፈልገውም!» አለ። ስማቸው ካሜራውን የሚይዘው ነው። መጥቶ በካሜራው አየው።

ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ጭነት የዘር ማሽላ ከደሴ በላንድሮቨር ሊያመጡለት ቃል ተገባለት። ጀብሪል መሬት ሳመ። «አልሐምዱሊላህ፣ አያ ቸኮል፣ እርስዎን አላህ ያኑርልኝ» አለኝ። አብሽር፣ አይዞህ አልኩት።

ጥር 21

እኔም ገባሁበት። በእግሬ ብቻ። አዳኙን የሚሆን እግር አጡና ንጉሡ አረማመዴን አይቶ «ይሄ ነው! ይሄ አረማመድ ያስፈራል!» አለ። አረማመዴስ ድሮም ያስፈራል። ካባ አልብሰው፣ ብረት የተመታበት ጫማ አጫምተው ድንጋይ ላይ አስረገጡኝ።

ስማቸው ካሜራውን መሬት ላይ አስተኝቶ እሱም በሆዱ ተኛ። ለምን ትሰግድልኛለህ አልኩት። «ከታች ወደ ላይ ሳነሳዎት ሰማይ ያክላሉ፤ ጀብሪልን ደግሞ ከላይ ወደ ታች አነሳዋለሁ፣ ቅማል ያህላል። ማንም ሳይናገር ተመልካቹ ማን ማንን እንደሚያጠፋ ያውቃል» አለኝ።

«እኛ እኮ እኩል ሰዎች ነን» አልኩት።

«እኩል ከሆናችሁ ፊልም የለም» አለኝ።

ጥር 24

ዛሬ የሰማሁትን ለማንም ብነግር አሮጌው አበደ ይሉኛል። ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ፣ ንጉሡ «አሁን ሌሊት ነው» አለ። ካሜራው አፍ ላይ ሰማያዊ ብርጭቆ ገጠሙ። በዚያ ሲታይ ቀኑ ሌሊት፣ ፀሐይዋ ጨረቃ ትሆናለች አሉ። አሳዩኝ፤ እውነታቸውን ነው። አገሬ ጨልሞ አየሁት። ጀብሪልም እውስጡ ጨልሞ ቆሟል። ዓይኔን አነሳሁና ፀሐይዋን ፈለግሁ።

«በሩ ሲንቋቋ ትደነግጣለህ፤ ድመት ሆና ትገኛለች። ትስቃለህ። ከዚያ ነው አዳኙ የሚመጣው» ብሎ ንጉሡ ለጀብሪል ያስረዳዋል።

«ድመት የለችም፣ ጌታዬ» አለው ጀብሪል። «በአገራችን ድመቱም አልቋል።»

ንጉሡ ሳቀበት። የሚያስቀው ምኑ ነው?

ጥር 27

ይህንን በደንብ ጻፊ።

ለካ ፊልም የሚሠራው እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም። ዛሬ መሃሉን፣ ነገ መጀመሪያውን፣ ከነገ ወዲያ መጨረሻውን ይሠሩና በኋላ በመቀስ እየቆረጡ ይቀጥሉታል። አንድ ቀን በልቶ ሌላ ቀን ከስቶ ከታየ ታሪኩ ይበጠሳል። ስለዚህ ንጉሡ የጀብሪልን ፊት ወዲያው በሚወጣ ፎቶ አንስቶ ሣጥኑ ክዳን ላይ ለጠፈው። ጧት ጧት ፎቶውን ከፊቱ ጋር ያስተያያል።

እኔን ለብቻዬ ወደ ጎን ወሰደኝ። «አባባ፣ እርስዎ ቤት አይደል የሚያድረው? ፊልሙ እስኪያልቅ ፊቱ እንዳይቀየር። ገባዎት? ይብላ፤ ግን እንዳይወፍር። ጥቂት ጊዜ ነው። ሲያልቅ በሬ እናርድለታለን።»

ምን አሉት ትለኛለች አሰጋሽ። ምን እላለሁ? ዘሩ የሚመጣው ፊልሙ ሲያልቅ ነው። ፊልሙ የሚያልቀው ፊቱ ካልተቀየረ ነው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ሲቀርብለት ቀነስ ይበል አልኩ። አትስጡት አላልኩም። ቀነስ ይበል ነው ያልኩት።

የካቲት 2

አሰጋሽ ለጀብሪል የፍየል ወተት ደብቃ ስትሰጠው አየኋት። አልከለከልኳትም። እሷም እንዳየሁ አየች፤ መስጠቷን ግን አልተወችም።

ጧት ንጉሡ ፎቶውን ይዞ «ትናንት ምን በላህ?» አለው።

«ምንም አልበላሁም፣ ጌታዬ» አለ ጀብሪል። ዋሸ። ሰው በልቶ አልበላሁም ሲል ስሰማ ዕድሜዬን ሙሉ የመጀመሪያዬ ነው። የለመድኩት ሳይበላ በላሁ የሚለውን ኩሩ ነው።

ማታ ብዙዬ ውሃ ስትቀዳልኝ እንደ ጨዋታ አድርጋ «አያ ቸኮል፣ የእርስዎ እግር ኮቴ ሲሰማ ጀብሪል ከተኛበት ብድግ ይላል» አለችኝ።

«አሠልጥነውት ነዋ!» ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። በባዶ እግሬ ነበርኩ እኮ።

የካቲት 6

ሥራ በዝቷል። በቅሎዋ ጀርባዋ ተላጠ። ጀብሪል ዳገቱን ሮጠ። ድገም ተባለ። ስማቸው ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ አብሮት ይሮጣል፤ ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ ተመልካቹም ትንፋሽ ያጥረዋል አሉ። ድገም። እኔ ከኋላ በጫማው። ድገም። «ትንፋሹ ድንቅ ነው!» ይላል ንጉሡ። የሰው ትንፋሽ ሲያልቅበት ድንቅ ነው የሚል ፍጥረት አየሁ።

የካቲት 13

ሁዳዴ ገብቷል። ንጉሡ «እናንተማ ጾም ለምዳችሁ የለ» ብሎ ቀለደ። «ጾም የሚባለው እቤት እህል ያለው ሰው ሲተው ነው፤ ደግሞም ጀብሪል እስላም ነው» አልኩት። አልገባውም።

ዛሬ የሆነው እንዲህ ነው። ጀብሪል አፋፉ ላይ ሮጦ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ወደ ኋላ እንዲያይ ነበር። ሮጠ። ቆመ። ወደ ኋላ ሳያይ ጉልበቱ ከዳውና እንደ ባዶ ስልቻ ወደቀ። ውደቅ አልተባለም። ከዚያ ንጉሡ «አንሳው! ስማቸው፣ አንሳው! ቶሎ አንሳው!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ካባውን ለብሼ ከኋላ ነበርኩ። እግዜር ይስጠው፣ ለካ ይህም ልጅ ሰው ነው አልኩ። ማንሳት ለእኛ አንድ ነገር ነው፤ የወደቀ ይነሳል፣ ሬሳም ይነሳል። የቅሬ ዳኛ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ሮጬ ሄጄ ብብቱ ሥር እጄን ሰደድኩ። አጥንቱ ብቻ ነው እጄ ላይ የቀረው።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው? ዞር ይበሉ! እያነሳነው እኮ ነው!»

«እኔም እያነሳሁት ነው!»

«በካሜራ! በካሜራ እያነሳነው ነው! አይንኩት፣ እንዳለ ይተዉት!»

ዞሬ አየሁ። ከመካከላቸው አንድም እጁን የዘረጋ የለም። ስማቸው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን ካሜራው ላይ እንደ ለጠፈ ነው። እኔ አፍጥጬ ሳየው ዓይኑን ነቀለ። ፊቱ ላይ የካሜራው መመልከቻ ጎማ ክብ ምልክት ጥሎበታል።

በቅሎዬ ዘንድ ሄጄ ጭነቱን ፈታሁ። ሣጥኑ ወደቀ። «መስተዋቱ ይሰበራል!» ይላል ንጉሡ። ይሰበራ! ጀብሪልን ጫንኩት። ስማቸው መጥቶ ከወዲያ በኩል እስከ ቤቴ ድረስ ደገፈው። አላመሰገንኩትም። ይህን ሁሉ በአንድ ዓይኑ ሲያይ ከርሞ የለም?

ብዙዬ ስታየን ጮኸች። አልሞተም አልኳት። ውሃ አንጠባጠብንለት። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ ካባውን አላወለቅሁም ነበር ለካ። ሸሸኝ። ግድግዳውን ተጠግቶ ሸሸኝ። ካባውን ጣልኩት። ከዚያ ለየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አያ ቸኮል፣ ፊልሙ አለቀ?»

አሰጋሽ እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። ደብተሩን አታርጥቢው አልኳት።

የካቲት 22

ሄዱ። ሬድዮው ሌላ ወሬ ይዟል፤ አዲስ አበባ ሰው ሥራ አቁሟል፣ ሚኒስትሮቹ ወርደዋል፣ ወታደር ተነሥቷል ይባላል። ቤንዚን የለም አሉና ላንድሮቨራቸውን ጭነው ተፈተለኩ። ንጉሡ በመስኮት «የመጨረሻዋ ትዕይንት ቀርታናለች፣ እንመለሳለን፤ ፊቱን አደራ!» አለኝ።

ዘሩስ አልኩት። ሲያልቅ አለኝ።

መጋቢት 11

እነሆ ጀብሪል በላ። ቀነስ የሚል ሰው የለም። ያለን ገብስና ባቄላ ነው፤ ከእኛ ከፍለን ነው፤ ግን በላ። የታችኛውን ማሳ አርሶልኛል። ብዙዬ ስትስቅ ሰማኋት፤ ለጨዋታ ሳይሆን ከልቧ። ጉንጩ ውስጥ የነበረው ጉድጓድ ሞልቷል። ሳየው ደስ ይለኛል፤ እሱ ግን ጉንጩን ደጋግሞ ይነካል። ምን ሆንክ ስለው «ምንም፣ አያ ቸኮል፤ ሰዎቹ ይመጡ ይሆን?» ይለኛል።

ከኋላዬ ሆኖ አይሄድም፤ ከፊቴም ሆኖ አይሄድም። ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ይህንን ለምን እንዳስጻፍኩት አላውቅም።

ሚያዝያ 3

ቆላው በኩል ደመና ተነሣ። ጀብሪል ደጅ ቆሞ ሲያየው ዋለ። የዘር ጊዜው መጣ ማለት ነው። ደጎሎ ገበያ ድረስ ሄጄ ማሽላ ፈለግሁለት። ያለው ለመብላት እንኳ አይበቃ፤ ሻጩ የሚጠራው ዋጋ የሚያሳፍር ነው። ባዶዬን ተመለስኩ። በቅሎዋን ልሽጣት ብዬ አስቤ ነበር። አልሸጥኳትም። በዚህ ዘመን በቅሎ የሚገዛ ሰው የለም። ጠይቄያለሁ ወይ? አልጠየቅሁም። እንደሌለ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 17

ፋሲካ አለፈ። ዛሬ ተመልሰው መጡ።

ንጉሡ መነፅሩን አውልቆ ጢም አሳድጓል። በየቃሉ መካከል «ሕዝብ» ይላል። ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ «አባባ፣ ታሪኩ ተሻሽሏል፤ ገዳዩ ባላባት ሆኗል» አለኝ።

«ሽፍታ አልነበር እንዴ?»

«ፊቱ መቼ ታየና! ልብ ሰቃይ ጥሩነቱ ይሄ ነው። የዛሬ ሦስት ወር ያነሳነው እግር የማንም እግር ይሆናል።»

የእኔ እግር ነው እኮ! የማንም እግር አይደለም። እሱ ግን ቀጠለ፤ «እንዲያውም ፊትዎን ቢሰጡን... ካባው፣ ጢሙ፣ ቁጣው...»

«ፊቴን ባላባት አድርገህ አገር ልታስወግረኝ ነው? ሂድ ወዲያ!» አልኩት። ስለዚህ ወፍራሙ ምናለ ባላባት ሆነ። ምሳ የበላው ፊት ዛሬ ቦታ አገኘ። ምናለም «ጋሽ ቸኮል፣ ከመሮጥ ተገላገልኩ» ብሎ ሳቀ።

ላንድሮቨሩ ላይ ጆንያ ተጭኗል። ማሽላ ነው፤ በስፌቱ በኩል ሲያፈስ ቀይ ፍሬው ታየ። አምጥተውታል። ይህን አልክድም። ጀብሪል ጆንያውን አይቶ ዓይኑን መንቀል አቃተው።

ንጉሡ ያን ፎቶ አውጥቶ ከጀብሪል ፊት አጠገብ ያዘው። አየ። ደግሞ አየ። ፎቶውን ላንድሮቨሩ ላይ ወረወረው።

«ተበላሽቷል።»

«ምኑ?» አልኩ።

«ሰውየው! ተበላሽቷል። አፋፉ ጋ አጥንት ሆኖ ይደርሳል፣ ሲዞር ሙሽራ መስሎ ይዞራል። ማን ያምነኛል? አደራ አላልኩዎትም?»

ስማቸው «ከጀርባው እንሥራው» አለ።

«መጨረሻው ፊት ነው፣ ስማቸው! ልብ የተሰቀለው ለዚያች ፊት ነው!»

«ማሽላውን ስጠውና ይሂድ» አልኩ እኔ። «ዝናቡ አይጠብቀውም።»

«ፊልሙ ሲያልቅ ነው የተባባልነው።»

ያን ጊዜ ጀብሪል ወደ ፊት ራመድ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለሹም አቤት እንደሚል ሰው ሆኖ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ። እከሳለሁ። መክሳት አውቅበታለሁ።»

ብዙዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስማቸው ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ንጉሡ ግን አልደነገጠም፣ አላፈረም። ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ «ስንት ቀን?» ብሎ ጠየቀው።

ብዙ ሞት አይቻለሁ። ትል የጣለ ሬሳ በእጄ ያነሳሁ ሰው ነኝ፤ አላስመለሰኝም። ዛሬ ግን ደጄ ላይ ጎንበስ ብዬ አስመለሰኝ። ማን እንዳስመለሰኝ ለይቼ አላውቅም። ጠያቂው ነው ብዬ ነበር። ጀብሪል ግን «በአሥር ቀን ይደርሳል» ብሎ ሲመልስ፣ ሲመልስ ደግሞ እኔን ሳይሆን የእኔን እግር ሲያይ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አስመለሰኝ።

እቤት ገባሁ። አሰጋሽ የጋገረችው የገብስ ዳቦ ነበር። ግማሹን ገምሼ ወጣሁና ሁሉም እያየ ጀብሪል እጅ ላይ አደረግሁት።

«ብላ» አልኩት። «እኔ ቸኮል እያየሁህ፣ እዚሁ ቆመህ ብላ።»

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «አላህ ይስጥልኝ፣ አያ ቸኮል» አለኝ። በላ።

አሰጋሽ ብዕሯን አቆመች። «አባባ፣ ዳቦውን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ንጉሡን ተከትሎ ሄደ እንጂ መቼ በላ?» አለችኝ።

አንቺ ያልሽውን ጻፊው። ከዚያ በታች፣ በላ ብለሽ ጻፊ።